የጁምዋ ገመድ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሜ ንጉምባዎ ይባላል፤ በመንደራችን ግን በስሜ የሚጠራኝ ሹሙ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ፉንዲ ይለኛል፣ ባለሙያው ለማለት። ጁምዋም እንደዚያው። ያን ዕለት ረፋዱ ላይ ሱቄ ደጃፍ ቆማ «ፉንዲ፣ ከረጢት ትሰፋልኛለህ?» ስትለኝ የካሳቫ ዱቄት መያዣ የፈለገች መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ።

«ምን ያህል ይሁን?»

«ክንድ ከስንዝር የሚሆን ነገር ተጠቅልሎ የሚተኛበት። ስፌቱን ከውስጥ እጥፍ አድርግልኝ፤ ክር ከተንጠለጠለ ቆዳውን ይይዘዋል።»

«የማንን ቆዳ?»

«የዚህን» አለችና የለበሰችውን የካንጋ ጨርቅ ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። ከብብቷ ስር ቡናማ እባብ አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ስፌት መኪናዬን ዘልዬ፣ የጀርባውን ቆርቆሮ ገንጥዬ፣ የዶሮ ሻጯ ግቢ ውስጥ ነበር የተገኘሁት። ሜትሬ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሱንም እባብ ነው ብዬ ስረግጠው ነበር አሉ። ጁምዋ በተገነጠለው ቆርቆሮ በኩል ብቅ ብላ «ታዲያ መቼ ልምጣ?» አለችኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው።

ጁምዋን ከልጅነታችን ጀምሮ ነው የማውቃት። በመንታ መንገዱ ላይ የተጠበሰ ካሳቫ በበርበሬና በሎሚ ትሸጣለች። ሦስት ልጆች ወልዳ አንዷ ብቻ ቀረችላት፤ እሷም ሞምባሳ ነው የምትኖረው። ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ ማንም አያስቆማትም። ጸጉሯ ነጭ ነው፣ ጥጥ። ይህን የምነግራችሁ ለመልኳ ብዬ አይደለም። በእኛ አገር ሽበት ያስገድላል። አንድ ሕፃን ይታመማል፣ አንድ ላም ትሞታለች፤ «ማን አስማት አደረገብን?» ተብሎ ሲፈለግ ጣት የሚቀሰረው ሽበት ወዳለበት ነው። ከእኛ ማዶ ባለው መንደር አንድ ሽማግሌ ከነቤታቸው ተቃጥለዋል። እኔ ራሴ በየሁለት ሳምንቱ ጸጉሬን ጥቁር ቀለም እቀባለሁ፤ ሲዘንብ ጆሮዬ ላይ ይወርዳል። ጁምዋ ግን ቀለም አትቀባም። ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ጸጉሯ የነጣ ሴት፣ አሁን ደግሞ በብብቷ እባብ ይዛ ትዞራለች። ዶሮዎቹ መሀል ተቀምጬ ልቤ ሲረጋ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንን ነው፤ ይቺ ሴት ልትሞት ነው አልኩ።

እባብ የማይፈራ ሰው በመንደራችን አልነበረም። ልጅ አፉን እንደፈታ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ፀሐይ ከገባች በኋላ «እባብ» አለማለት ነው። ከጠሩት ይመጣል። ስለዚህ ሲመሽ «ገመድ» ይባላል። ፀሐይ ከገባች በኋላ አንድ ሰው «ደጅ ላይ ገመድ አለ» ካለ ወንዱ ዱላ፣ ሴቷ ልጆቿን ይዘው ይሮጣሉ። ቀን ላይ ከሆነ ግን ገመድ ማለት ገመድ ነው። ይህን ሕግ ከሁሉም አጥብቆ የሚይዘው የጁምዋ ባል ካሂንዲ ነበር። እሱ ጭራሽ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ቃሉን አይጠራውም፤ ፀሐይዋ ድንገት ትገባብኛለች ብሎ ይጠነቀቃል። እኛም እንስቅበት ነበር።

ካሂንዲ ምናዚ ቀጂ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ የኮኮነት ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ የአበባውን ግንድ በስለት ይከረክምና በቅል የተጠራቀመውን ይዞ ይወርዳል። ያ ነው ምናዚ፣ መጠጣችን። ጁምዋ እባቡን ይዛ ሱቄ ከመምጣቷ ከአራት ወር በፊት፣ ወደ አመሻሹ ላይ፣ ከዛፉ ስር ተቀምጬ ድርሻዬን እጠብቅ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ከማንጎው ዛፎች በላይ አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። ካሂንዲ ከላይ ሆኖ «ፉንዲ፣ ገመድ» አለኝ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«የትኛውን?» አልኩት።

«አረንጓዴውን» አለኝ።

አረንጓዴ ገመድ ነበረኝ። ብስክሌቴ ላይ የጨርቅ ጥቅል የማስርበት የናይለን ገመድ ነው፤ እሱም ቅሎቹን ለማውረድ አንዳንዴ ይዋሰኝ ነበር። ሊዋሰኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። «ታገስ፣ እኔ እንዳንተ ዝንጀሮ አይደለሁም» ብዬ ቀለድኩበት። ሱቄ ሄጄ፣ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈትቼ፣ ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስመለስ ካሂንዲ መሬት ላይ ነበር። ዓይኑ ክፍት ነው። ከጎኑ ቀጭን አረንጓዴ እባብ አብሮት ወድቆ ደንዝዞ ሣሩ ውስጥ ይላወሳል።

ክው አልኩ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ገመድ ያለኝ እባቡን ነበር። አረንጓዴውን ያለኝ እሱን ነበር። ሰው ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ እባቡን ቀጠቀጡት፤ እኔ የተናገርኩት ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ወደቀ» አልኩ። ጠርቶኝ እንደነበር፣ እኔም ገመድ ላመጣ ሄጄ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም። ለጁምዋማ ከቶ እንዴት ብዬ። ገመዱን የት እንደጣልኩትም አላስታውስም፤ ተመልሼም አልፈለግኩትም።

በማግስቱ ቻሮን ጠሩት። ቻሮ እባብ ቤት ሲገባ የሚጠራ ሰው ነው፤ ይይዝና ጫካ ወስዶ ይለቃል። የተቀጠቀጠውን እባብ በእንጨት አገላብጦ አየውና «ይሄ መርዘኛው ማምባ አይደለም። መልኩ ያሳስታል እንጂ እንቁራሪት በላ ነው። መርዝ የለውም» አለ። ሬሳውንም ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ የንክሻ ምልክት የለበትም።

«አልነደፈውም?» አለች ጁምዋ።

«አልነደፈውም።»

«ታዲያ ባሌን ምን ገደለው?»

ቻሮ ለመዋሸት አልታደለም። «እጁ ላይ ሲሄድበት ደንግጦ ለቀቀ፣ ማማ» አላት።

እዚያው ነበርኩ። አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ መዳፏን ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

እንግዲህ ከአራት ወር በኋላ ይዛው የመጣችው እባብ ከቤቷ ጣሪያ የወጣ ነው። በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ጣሪያ ውስጥ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበት ደግሞ እባብ ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሪያውን ያቃጥል ነበር። እሷ ቻሮን አስጠራችው። ቻሮ በባዶ እጁ አወረደውና «ይሄ የቤት እባብ ነው፤ አይጥ ከመብላት በቀር ሥራ የለውም። ከዓይኑ በላይና በታች ያለውን ነጣ ያለ መስመር አየሽው? በዚያ ታውቂዋለሽ። ጫካ ልልቀቀው?» ቢላት «ተወው» አለችው። ቻሮ ራሱ ነው የነገረኝ፤ እሱም ደንግጦ ነበር። ስሙንም እዚያው አወጣችለት፤ ገመድ አለችው። በጠራራ ፀሐይ።

ከረጢቱን ሰፋሁላት። ለምን ሰፋህላት አትበሉኝ፤ ለዚያች ሴት እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ስፌቱን እጥፍ አድርጌ፣ ክሩን ከውጭ ቆርጬ፣ ዋጋ ሳልቀበል በልጅ ላክሁላት።

ጁምዋ ገመድን አንገቷ ላይ ጠምጥማ መንታ መንገዱ ላይ ካሳቫዋን መጥበስ ጀመረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው አልገዛትም። ሰው ለሁለት ተከፍሎ በዳር በዳር ያልፋል፤ ሞተረኞቹ እሷ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። የውኃ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ሰልፉ ይበተንላታል፤ «ቢያንስ ወረፋ አልጠብቅም» ትላለች። ሴቶቹ ከሩቅ ይሰድቧታል። አንዷ «ማማ ጁምዋ፣ ባል ሲጠፋ ይሄንን ያቅፋሉ?» አለቻት። «ይሄኛው አያንኮራፋም» አለች ጁምዋ። ሳያስቡት ሳቁ። እኔም ከሱቄ ሆኜ ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ሳቄን ዋጥኩት፤ የሚስቁባት ሴቶች ባሎች ማታ ማታ ምን እንደሚያወሩ እሰማ ስለነበር።

መጀመሪያ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ያሸነፉኝም አይጦች ናቸው። የሹሙ ልጅ የሠርግ ቀሚስ ሱቄ ውስጥ አይጥ ከደረቱ ላይ ቦጨቀው። ቀሚሱን አንስቼ ሳየው ሰማይ ተደፋብኝ። ጁምዋ ሰምታ መጣችና «ገመድን ሁለት ቀን ላስቀምጥልህ» አለች። ሁለት ቀን ሱቄ አልገባሁም። ደጅ ላይ ዝናብ እየመታኝ፣ የጸጉር ቀለሜ እየወረደ፣ ስፌት መኪናዬን በጣውላ ላይ አውጥቼ ሰፋሁ። በሦስተኛው ቀን ስትወስደው ሆዱ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጨርቄን የነካው የለም። ይህን ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ እህል ሻጯ፣ ቀጥሎ የመስጊዱ ጠባቂ «ጁምዋ፣ ገመድን ብታውሺን» እያሉ መጡ። እኔ ግን እስከዚያ በጣቴ ጫፍ እንኳ አልነካሁትም ነበር።

ጁምዋ ግን የምትፈልገው አይጡን አልነበረም። ቀጂዎቹን ነበር የምትፈልገው።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት ቀጂ ካሳቫ ሊገዛ መጣ። «ዛሬ ስንት ዛፍ ትወጣለህ?» አለችው። «አስራ ሁለት» አላት። «እንግዲያው ተቀመጥ» አለችና ከሙቀጫዋ ዘነዘናውን አንስታ በሁለት እጁ አስያዘችው። «ይሄ ዛፉ ነው። አንተ ላይ ነህ።» ከዚያ ገመድን ከአንገቷ ፈትታ ክንዱ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ዘነዘናውን ወርውሮ መንገዱ ማዶ ደረሰ።

«ወደቅህ» አለችው። «ሞተሃል። ተነስና ና።»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ልጁ ከእልሁ የተነሳ ተመልሶ መጣ። ሁለት ጊዜ ሞተ፣ ሦስት ጊዜ ሞተ። በአራተኛው ዘነዘናውን ጨምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የአባቶቹን ስም እየቆጠረ ተቀመጠ፤ ገመድም ክንዱን አልፎ፣ ትከሻውን ዞሮ፣ በጀርባው ወርዶ ሄደ። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ያለቅሳል።

«አየህ?» አለችው። «የራሱ መንገድ አለው። እጅህ መንገዱ ላይ ቢሆንበት ነው። አትንካው፣ አትግደለው፣ አትነቃነቅ። ደግሞ ሁሉም እባብ ገመድ አይደለም፤ መሬት ላይ ያየኸውን ላንሳ ብትል እኔው ነኝ በዘነዘና የምልህ።»

እንዲህ ሆኖ ቀጂዎቹ አንድ በአንድ መጡ። በመንደራችን ካሉት ዘጠኝ ቀጂዎች ስምንቱ ዘነዘናውን ይዘው ሞተው ተነሱ። ማክሰኞ ማክሰኞ የጁምዋ ግቢ ገበያ ሆነ። እኔ እያንዳንዱ ማክሰኞ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አያለሁ። ዘነዘናውን የለቀቀ ሁሉ «ወደቅህ» ሲባል ፊቴን አዞራለሁ።

ዘጠነኛው ካታና ነው፣ የካሂንዲ ታናሽ ወንድም፣ የጁምዋ ዋርሳ። ወንድሙን ከልቡ ይወድ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ሰው አልሆነም። «ወንድሜን የገደለውን ዘር አንገቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች» ይላል። ከዚያም የካታና ዛፎች ነጠፉ። መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ ሰባት፤ ቅሉ ባዶውን ይወርዳል። ጢንዚዛ ጫፋቸውን በልቶት እንደነበር ኋላ ታውቋል፤ ካታና ግን ጢንዚዛ አልፈለገም። ምናዚ ቤት ተቀምጦ መናገር ጀመረ። ያ አረንጓዴ እባብ ያለ ላኪ ዛፍ ላይ አልወጣም አለ። ካልላከችው እባብ እንዴት እንዲህ ይታዘዝላታል አለ። ሰዉ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ከሚነቀንቁት መሀል ዘነዘና ይዘው የተነሱም ነበሩበት።

ካሂንዲ በሞተ በሁለት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ካታና ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አስከትሎ በሱቄ ፊት አለፈ። ገጀራ ይዘዋል። ገጀራ የማይዝ ወንድ በእኛ ዘንድ የለም፤ ያ አላስደነገጠኝም። ከኋላ ያለው ሰው ግን ቢጫ ጄሪካን ይዟል። ሲራመድ ውስጡ ያለው ይንቦጫረቃል። የነዳጁ ሽታ ሱቄ ድረስ ገባ።

ደርቄ ቀረሁ። እግሬ ስፌት መኪናው መርገጫ ላይ እንዳለ ነው። ሹሙ ከተማ ሄዷል። ቻሮ ሞተረኛ ይዞ ሩቅ መንደር ወጥቷል። እኔ ምን አገባኝ አልኩ፤ አዎ፣ እንዲያ ብያለሁ፤ መዋሸት አልፈልግም። መስኮቱን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ነው የካሂንዲ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ የመጣው፣ ያ ቀጭኑ። ሁለተኛ ሰው ሊሞት ነው፣ አሁንም ሌላ ነገር መስሎህ ልትሄድ ነው አልኩ ለራሴ። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንዳለ ወጥቼ ሮጥኩ።

ጁምዋ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ካሳቫ ትልጣለች። ገመድ ጭኗ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ካታና ፊቷ ቆሟል። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲላት የኖረ ሰው «አንቺ» አላት።

«አንቺ፣ ወንድሜን ለምን ገደልሽው?»

«እኔ አልገደልኩትም፣ ካታና።»

«እባቡን ማን ላከው? ዛፌንስ ማን አደረቀው? ተናገሪ።»

ልጣጩን ከቢላዋው ላይ ጠረገች። አንገቷ ላይ ያለው የደም ሥር ሲመታ አየሁት። ፈርታለች። እሷም ትፈራለች ለካ። ጄሪካን የያዘው ሰውዬ ክዳኑን ፈታ።

ምን እንደምል ሳላውቅ መሀላቸው ገባሁ። እጄ ካልቀደመ አፌ የማይከፈትልኝ መሰለኝ፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ክንዴን ጁምዋ ጭን ላይ ዘረጋሁት። «አስቀምጪልኝ» አልኳት። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአጥር ውጭ የቆምኩት እኔ። አየችኝና ገመድን አንስታ ክንዴ ላይ አደረገችው። ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ስለዋለ ሞቃት ነው። ላቤ ከነቀለሙ ግንባሬ ላይ ይወርዳል። እሱ ግን ክንዴን ይዞ በቀስታ ይሄዳል።

«ካታና» አልኩ። «ወንድምህን እሷ አልገደለችውም። እኔ ከዛፉ ስር ነበርኩ። ጠርቶኝ ነበር።»

ጄሪካን የያዘው ሰውዬ ክዳኑን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ገመድ ብሎ ጠራኝ። ፀሐይ አልገባችም ነበር፤ ገመድ የጠየቀኝ መሰለኝ። የትኛውን ብለው አረንጓዴውን አለኝ። እኔ አረንጓዴ ገመድ ነበረኝ። ቀና ብዬ ሳላይ ላመጣለት ሄድኩ። ስመለስ ወድቋል። ይሄው ነው። አስማትም የለ፣ ላኪም የለ። ላኪ ከፈለግክ እኔ ነኝ።»

ካታና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ከዚያ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ዓይኔ ጨለመ። ክንዴን ግን አላነቃነቅኩም፤ ገመድ ገና ክርኔ ላይ ነበር። ከቀጂዎቹ አንዱ፣ ያ ሦስት ጊዜ ሞቶ የተነሳው፣ «አልለቀቀም እኮ» አለ በሹክሹክታ።

«ውሸቱን ነው» አለ ካታና ዞሮ። «ሊያድናት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበረ?»

ጁምዋ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ በእጇ የተጠቀለለ አረንጓዴ ነገር ይዛለች። ሃያው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ጄሪካን የያዘው እግሩ ተጠላልፎበት ወደቀና ነዳጁ መሬት ላይ ፈሰሰ። ማምባ አወጣችብን ብለው ነው። እኔ ግን አወቅሁት። በጥርሴ የፈታሁት ቋጠሮ አሻራው ጫፉ ላይ እንዳለ ነው።

ገመዴ ነው።

«ባሌን ያነሳሁ ቀን ከጎኑ አገኘሁት» አለች ለካታና። «በዚህ መንደር አረንጓዴ ገመድ ያለው አንድ ሰው ነው። ካሂንዲ ደግሞ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ እባብን እባብ አይለውም። ሌላውን ሰው አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ፉንዲ አልዋሸም።»

ካታና ገመዱን አየ፣ እኔን አየ። ገጀራውን መሬት ላይ ጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ከግቢው ወጡ። ጄሪካኑን ማንም አላነሳውም።

እኔ ምንጣፉ ላይ ቀረሁ። ከጥፊውም፣ ከገጀራውም፣ ከእባቡም ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ገመድ ነው። ሁለት ዓመት። ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቀች ካሳቫ ሸጣልኛለች፣ ስፌት አዝዛኛለች፣ አይጦቼን አስጨርሳልኛለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«የምነግርህ ምኑን ነው? አንተ ታውቀዋለህ። መንገር ያለብህ አንተ ነበርክ። እስክትመጣ ጠበቅሁ።»

«ቀና ብዬ ባየው ኖሮ ይድን ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን የለም ብሎ ያጽናናኝ ነበር። እሷ አሰበችበት። «አትነቃነቅ ብትለው ምናልባት ይድን ነበር» አለች። «ግን እንደዚያ ማለት እንዳለብህ አታውቅም። እኔም ስሩ ብሆን አላውቅም ነበር። ጩኸቴን ለቅቄ ይበልጥ አስደነግጠው ነበር። እሱን እያሰብኩ ነው ይሄን ሁሉ ያደረግኩት።»

ገመድን ከክንዴ ላይ አንስታ ወደ ከረጢቱ፣ ወደ ሰፋሁት ከረጢት፣ ስታስገባው ሳልናገር መቆየት አቃተኝ። «ስሙንስ ለምን እንደዚያ አልሽው?»

«ለአንተ ነው» አለች፤ ፊቷን ወደ ካሳቫዋ መልሳ። «ሰው ገመድ ብሎ ሲጣራ ከመሄድህ በፊት ቀና ብለህ እንድታይ።»

ካታና እስከ ዛሬ ገመድን አይነካውም፤ ጁምዋን ግን እንደገና አንቱ ይላታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጂዎቹ ዛፍ ላይ ሆነው እባብ ሲያዩ ፀሐይ ትግባ አትግባ «እባብ» ብለው ነው የሚጮሁት፤ ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ካታና ነው። እኔም አረንጓዴውን ገመድ ይዤ ተመለስኩ፤ ሱቄ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ እንጂ ዕቃ አላስርበትም። አመሻሹ ላይ ከዛፍ ስር ስቀመጥ ማንም ባይጠራኝም ቀና ብዬ አያለሁ።